ከአይፈሬ ልብ የወጣው ውኃ

ጌጤ የገመዱን ነገር ልብ ያለችው ከረፈደ በኋላ ነው። የውሻዋ የአይፈሬ ሆድ ከቀን ወደ ቀን ሲገፋ የአንገቱ ገመድ ግን እየላላ ሄዶ በጆሮዎቹ ላይ ሾልኮ ይወልቅ ጀመር። የሚወፍር ውሻ አንገቱ አይከሳም። እሷ ገመዱን አጥብቃ መልሳ አሰረችው እንጂ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ሌላው ሁሉ ያስጨንቃት ነበር። ባሏ ኦይታ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ የመጣ ይመስላታል። የኩልፎ ወንዝ በሞላ ቁጥር ሙዝ ተክሉን አልፎ ቤቷን የሚወስድ ይመስላታል። ልጇን ዓለሚቱን ከክረምት ጀምሮ የያዛትን ሳል ግን «ብርድ ነው» ብላ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። የጌጤ ታላቅ እህት ማሚቱ እንዲሁ እያሳላት ሆስፒታል ገብታ፣ የበሽታዋ ስም ከተነገራት በኋላ ብዙ አልቆየችም። ከዚያ ወዲህ ለጌጤ እህቷን የገደላት የበሽታው ስም ይመስላታል።

«ይኼ ውሻሽ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነ እኮ!» አለች ጎረቤቷ እጅጋየሁ፣ ግራ ቀኟን ቃኝታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከራሱ በፊት ሆዱ ይገባል።»

«አፍሽን ያዢ፣ አንቺ! የዓሣ ሻጮቹ ናቸው። ጭንቅላት ጭንቅላቱን ለእሱ ይወረውሩለታል።»

ተሳሳቁ። በሳምንቱ አይፈሬ ደጃፉ ላይ ተዘረረ፤ ድዱ ነጥቶ፣ ትንፋሹ አጥሮ። ኦይታ ሲሄድ «ቤቱን ለእሱ ትቻለሁ» ብሎ ነበርና፣ ጌጤ ጋሪ ለምና ሲቀላ ሰፈር ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ አስጫነችው።

ዶክተር ዘካሪያስ ማዳመጫውን በውሻው ደረት በግራም በቀኝም አሳርፎ አዳመጠ።

«ልቡ አይሰማም» አለ በመጨረሻ። «ይመታል፤ ግን ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመታ ከበሮ ነው። የአንገቱን ደም ሥር ይዩት፣ እንዴት እንደተገተረ። ልቡን ውኃ ከቦ አላላውስ ብሎታል። ሆዱም የሞላው በዚያው ነው እንጂ ስብ አይደለም።»

ጸጉሩን ላጭቶ በጎድኖቹ መካከል ረጅም መርፌ ሰደደ። የወጣው ፈሳሽ እንደ ሥጋ እጣቢ ቀላ ያለ ነበር። ጥቂቱን በብልቃጥ አቁሞ ጠበቀ።

«ደም ነው?» አለች ጌጤ።

«ከተቆረጠ ሥር የፈሰሰ ደም ቢሆን ይረጋ ነበር። ይኼ አልረጋም፤ ሲጠራቀም የቆየ ነው።» አይፈሬ ትንፋሹ ቀለል ብሎት ጅራቱን አንዴ ቆላ። «ውኃውን ማውጣት ቀላል ነው፤ መንስኤው ካልታወቀ ግን ተመልሶ ይሞላል። ልቡ ላይ ዕጢ ሊኖር ይችላል። ተመትቶም ሊሆን ይችላል። ግን እንዲህ መክሳቱ፣ ጉሮሮው ሥር ያሉት እባጮች...» ቀና ብሎ አያት። «ወይዘሮ ጌጤ፣ ቤት ውስጥ የሚያሳለው ሰው አለ?»

«የለም» አለች። ቃሉ ከአፏ የወጣው ጥያቄው ሳያልቅ ነው።

ዶክተሩ አልተከራከራትም። ከፈሳሹ በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ በቀለም እንዲመረመር ወደ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ላከ። ጌጤ ውሻውን አቅፋ ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ሟች እናቷ ያስተማረቻት ነገር በጭንቅላቷ ይዞር ጀመር፦ የታመመ ሰው ትራፊ አይደፋም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥም፤ ለውሻ ይሰጣል፤ ደዌው እሱን ተከትሎ ይሄዳል። ዓለሚቱ ምግብ ካስጠላት ጀምሮ፣ ያስቀረችውን ገንፎና መረቅ ጌጤ በገዛ እጇ ለአይፈሬ ታቀርብ ነበር። አይፈሬ ሳህኑን ልሶ ሲጨርስ «ተመስገን» ትል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ወጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ተገኝቷል። ውሻ ይህን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አብሮት ከሚኖር ሰው ነው። ደግሜ ልጠይቅዎ?»

«ልጄ ናት» አለች ጌጤ። «አንድ ልጄ።»

«ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይውሰዷት። መድኃኒት አለው፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። መስኮት ይክፈቱ፣ አየር ይግባ። ውሻውን ግን ወደ ቤት እንዲመልሱት አልፈቅድም። መዳን አይችልም፣ ለሰውም አደጋ ነው። ሳይሰቃይ እናሳርፈዋለን።»

ገመዱን ከአንገቱ ለማውጣት መፍታት አላስፈለጋትም።

ቤት ስትደርስ መሽቷል። ዓለሚቱ ጋቢ ተከናንባ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ገመዱን በእናቷ እጅ አየች።

«እማዬ፣ አይፈሬስ?»

«ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን፣ ልጄ።»

ልጅቷ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ጋቢዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ደሙን አየሽው እንዴ?»

«የምን ደም?»

«የምተፋውን። ከፋሲካ ጀምሮ ነው። በአመድ እደፍነው ነበር።» አቀረቀረች። «አንቺ በትንሽ በትልቁ ትደነግጫለሽ፤ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ጌጤ ልትጮህ አፏን ከፈተች፣ ልጅቷ ፊት ላይ ያንኑ ጩኸት የመጠበቅ ነገር አየችና ዋጠችው። ተነስታ፣ ከክረምት ጀምሮ ተጠርቅሞ የኖረውን መስኮት ታግላ ከፈተችው። የሙዝ ቅጠል ሽታ ያለው ብርድ ገባ። ዓለሚቱን ሳሉ ያዛት፤ ጌጤ ጀርባዋን ይዛ እስኪያልፍላት ቆመች።

ሰዓት እላፊው ደረሰ። በየማታው በዚህ ሰዓት አይፈሬ ደጁን ዞሮ ይገባና በዓለሚቱ እግር ሥር ይተኛል፤ በሩ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ጌጤ ከልማድ የተነሳ በሩን ገርበብ አድርጋ ጥቂት ቆየች።

«አይመጣም አይደል?» አለች ዓለሚቱ ከመደቡ።

«አይመጣም።»

በሩን ገፋች፣ መወርወሪያውንም ቆለፈች።