የትእዛዙ የመጨረሻ ሞተር

«የሞተሩን ኦርጅናል ዕቃ አውጥቶ ሸጦት ነው አሉ፤ በምትኩ ሌላ ከተተበት።»

ሴትዮዋ ይህን ያለችው በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ፣ የንፍሮውን ሳህን ለጎረቤቷ እያቀበለች ነው። ዝናሽ ባሕር ዳር ስድስት ዓመት ስለኖረች ቋንቋውን የረሳች መስሏት ይሆናል። ዝናሽ ግን ሰማች። መካኒኩ አባቷ ትእዛዙ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ቀና ብላ ድንኳኑን ቃኘች። የሚኒባስ ሾፌሩ ምንዋጋው ከወንዶቹ መካከል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ተነስታ ወደ እሱ ሄደች።

«ጋሼ ምንዋጋው፣ የሚወራውን እርስዎም ያምኑታል?»

ሰውየው ደነገጠ። «እኔ አላወራሁም ልጄ። አባትሽ ሲታመም ሌላ መካኒክ አምጥቼ ሞተሩን አሳየሁት። ካምሻፍት የሚሉት ዘንግ የዚህ ሞተር አይደለም አለኝ። ሞተሩ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ አባትሽ እጅ ነበረ። የቀረውን ሰው ራሱ ጨመረበት።»

«የእርስዎን ነው የጠየቅኩዎት።»

ምንዋጋው የኮፍያውን ጠርዝ በጣቶቹ ማዞር ጀመረ።

«እንግዲያው ይነሱ። እርስዎ እያዩ ሞተሩን እፈታዋለሁ።»

እናቷ ወለተጊዮርጊስ ከምንጣፉ ላይ ሆና ሰማች። «ሠልስቱ ሳይወጣ? ልጅ ከአባቷ ለቅሶ ተነስታ ሞተር ትፈታለች? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰውማ ያለውን ብሏል እማ።»

እናቷ ፊቷን አዞረችባት።

ጋራዡ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ሚኒባሱም እዚያው ቆሟል። ዝናሽ ጥቁር ቀሚሷ ላይ የአባቷን ቱታ ደረበች፤ እጅጌው ረዘመባትና ሁለቴ አጠፈችው። የሞተሩን ክዳን ስትፈታ ምንዋጋው አምፖል ያዘላት።

ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለ በዋዜማው የሠራው አይሱዙ ትዝ አለው። አንዷን ቡሎን ማጥበቁን እርግጠኛ አልነበረም። ቅዳሴው እንዳለቀ እህል ሳይቀምስ መኪና ተሳፍሮ አይሱዙው ወደ ሄደበት ከተማ ወደ አምደወርቅ ወረደ። ቡሎኗ ጠብቃ አገኛትና ተመልሶ መጣ። ባለመኪናው ለገበያተኛው ሁሉ አውርቶ ከተማው ሳቀበት። «ይሳቁ፤» አለ ትእዛዙ፣ «እኔ ግን ዛሬ እተኛለሁ።» እንዲህ ያለ ሰው ነው አሁን ሌባ የተባለው።

ካምሻፍቱን፣ ቫልቮቹን በየተራ የሚከፍተውን ዘንግ፣ አውጥታ በናፍጣ አጠበችው። በእርግጥም የሞተሩ አልነበረም። ጫፉ ላይ ያለው ቁጥር የፋብሪካው አይደለም። ጓሮ ከተጣለ የዚያው ዓይነት ሞተር አንድ ኦርጅናል ዘንግ ፈታች፤ ሁለቱንም ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለካች። በሚኒባሱ ዘንግ ላይ ያሉት፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ጉብታዎች ከፍ ያሉ ናቸው።

«ስለዚህ ያ መካኒክ እውነቱን ነው፤» አለች።

ምንዋጋው አንገቱን ነቀነቀ፤ ደስ ግን አላለውም።

ዝናሽ ቀጠለች። ዘንጉን ከላይ የሚያቅፉትን ክዳኖች ጠርጋ አንድ በአንድ ገለበጠች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። «ጋሼ፣ ጥፍርዎን ያምጡ። እዚህ ዘንጉ ላይ ጭረት አለ አይደል? አሁን ደግሞ ክዳኑን ይዳብሱ።»

ሰውየው ዳበሰ። በጭረቱ ትክክል ክዳኑ ላይ ስስ ጠርዝ ቀርቷል።

«ክዳኑ የሞተሩ የራሱ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች ደግሞ አብረው ነው ያረጁት። ይህ የዓመታት ሥራ ነው። ያገለገለውን ሞተር ከአዲስ አበባ ገዝተው ካስመጡት ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?»

«ምን ሄደና! ለሙከራ ወጥቶ ገና ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረው፤ መለስነው።» ምንዋጋው ጣቱን በጭረቱ ላይ መልሶ አስኬደ። «ታዲያ ዘንጉ አብሮት ነው የመጣው።»

«አብሮት ነው የመጣው።»

የቁጥሩን ፎቶ ባሕር ዳር ለምትሠራበት ጋራዥ አለቃ ለደጅይጥኑ ላከች። መልሱ የመጣው በማግስቱ፣ የሠልስቱ ሥርዓት እንዳበቃ ነው። ዘንጉ ለፍጥነት ተብሎ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ነበር፤ የቫልቭ ክፍተቱም ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ የተለየ ነው፤ ልኩንም ጽፎላታል። አባቷ ሁለት ወር ሙሉ ሲያስተካክል የኖረው በመጽሐፉ ልክ ነበር። ያቺን አንዲት የክፍተት ልክ ቢያገኝ ኖሮ!

ወደ ጋራዡ ተመልሳ ዘንጉን በቦታው አሰረች። ከዚያ ስምንቱንም ቫልቮች በአዲሱ ልክ አስተካከለች። ሞተሩ ሲነሳ ረግቶ ሠራ። ከምንዋጋው ጋር ዳገቱን ወጥተው ወረዱ።

«በዝግታ ሲሄድ ትንሽ ይሰንፋል፤» አለችው። «ዘንጉ እንዲያ ነው። ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ዝቅ ያድርጉ።»

ምንዋጋው ወደ ድንኳኑ ገባ፤ አልተቀመጠም። «ስሙኝ፤» አለ ለለቀስተኛው። «ዘንጉን ከነሞተሩ ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትእዛዙ አልነካውም። ዝም ብዬ በመስማቴ በድዬዋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።» በኽምጣንጋ ያማችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ዝናሽ ሄዳ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። «እሱም የዚህን ሞተር ማንነት ሳላውቅ አልዘጋውም ይል ነበር፤» አለች ወለተጊዮርጊስ። አንዲት ጎረቤት የእጅ ውሃ ይዛ መጣችና ጎንበስ አለች። ዝናሽ በዘይት የጠቆረ እጇን ዘረጋች።

እናቷ ቀድማ ያዘችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ የትእዛዙን ሽታ በረጅሙ ሳበች፤ ደግማም ሳበች። ከዚያ በልጇ መዳፍ ፊቷን ከደነችና፣ በሌላ እጇ ጎረቤቷን ውሃውን መልሺው ብላ ጠቆመቻት።