ከሬንጁ ካምፕ የበቀለው ሰርዶ

ልጄ ትሕትና የሬንጁን ካምፕ መናፈሻ እናደርገዋለን ስትለኝ መጀመሪያ የታየኝ እሳት ነው። ቀጥሎ ጎርፍ ታየኝ። እሳቱም ጎርፉም ቢቀሩ ሰው ይስቅባታል ብዬ ፈራሁ።

ካምፑን የደባርቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከከተማው ወጥቶ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ወንዙ ዳር ነው። መንገድ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የሚጠቅማቸውን ጭነው የማይጠቅማቸውን ትተውልን ሄዱ። የዛጉ በርሜሎች፣ የጠጠር ክምር፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሲጠጣ የኖረ መሬት። ሬንጁ ይፈላበት የነበረው ቦታ ጥቁር ድንጋይ መስሎ ደርቆ፣ ፀሐይ ሲበረታበት መልሶ ይለሰልስ ነበር። ትሕትና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ እግር ጫማዋ እዚያ ተጣብቆ ቀርቶ በባዶ እግሯ ስትመጣ ገርፌያታለሁ። እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ ብሎ የቀጠራት ያችኑ ልጅ ነው።

አንድ በጋ ሙሉ የሬንጁን ቅርፊት በዶማና በመዶሻ እያነሡ አስጫኑ። ሥሩ ያለው አፈር ግን ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። የመጀመሪያው ክረምት የተከሉት ሁሉ ቢጫ ሆኖ ሞተ። እኔም አልተደነቅሁም፤ ይሆናል ያልሁት ነው የሆነው።

መላውን ያመጡት አያ ገዱ ናቸው። አያ ገዱ ከደጋው ከጊች መንደር ወርደው ደባርቅ የሰፈሩ ገበሬ ሲሆኑ የቦታው ጠባቂ ሆነው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን አፈሩን በእጃቸው ዘግነው እያሹ፣

«ልጄ፣ ይኸ መሬት አልሞተም፤ ርቦታል። በግ እናሳድርበት» አሏት።

ጊች የገብስ ማሳ የሚዳብረው እንደዚያ ነው። በጎቹን ማሳው ላይ በተንቀሳቃሽ አጥር ያሳድሯቸዋል፤ መሬቱ ፍጉንና ሽንቱን ሲጠግብ አጥሩን ነቅለው ወደሚቀጥለው ያዛውራሉ። ትሕትና በመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ያልነበረውን ነገር ሰምታ ደብተሯን አወጣች። ከጥር እስከ ግንቦት የጊች ሰዎች በጎቻቸውን እያመጡ ከወንዙ ዳር ጀምረው እስከ መንገዱ ድረስ ቦታውን በሙሉ አዳረሱት። በጎቹ በዘይቱ ተመርዘው አለቁ የሚል ወሬ እስኪመጣ በየማለዳው ስጠብቅ ከረምሁ። አንድም አልሞተም።

ያ መሬት ሲለወጥ ማየት ያስገርም ነበር። የጊች ሰዎች ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ ደርድረው የወንዙን ዳር ካቡት። በርሜሎቹ ለሁለት ተሰንጥቀው ኮሶና ወይራ ተተከለባቸው። የጠጠር መፍጫው ቆሞበት የነበረው ሲሚንቶ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥበት ደረጃ ሆነ። ድሮ በማሽኑ ጩኸት የማይሰማው ወንዝ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው አገኘ። ሰኔ ላይ ገብስ ሲበቅልበት የባላገር ልጅ ነኝና ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

ግን አንድ ክፉ ነገር ነበር። የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብተ ሚካኤል ቦታው ለከባድ መኪና ማቆሚያ ይሁን ባይ ነበሩ። መሬቱ መዳኑን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካላረጋገጥሁ መናፈሻ የሚባል ነገር አይኖርም አሉ። ትሕትና ደግሞ በስብሰባው መሀል ብድግ ብላ «ካልዳነ ሥራዬን እለቃለሁ» ብላ ተናገረች። ማን ጠይቋት! ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመጣል በተባለበት ሳምንት ትሕትና ለሥልጠና ጎንደር ሄደች። መኪናው ይገለበጣል ብዬ ሐሙስ ጧት ሁለት ጊዜ ደወልሁ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ቤት መቀመጥ ቢያቅተኝ ተነሥቼ ወደ መናፈሻው ወረድሁ። አያ ገዱ ተዝካር ሄደው አልነበሩም።

ገብሱን ጠጋ ብዬ አየሁት። በየገብሱ መሀል ሰርዶ! ያውም እዚህም እዚያም አይደለም፣ ምንጣፍ ሆኖ ተነጥፏል። እኔ የወቅን አገር ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ማሳው ውስጥ አንድ ዘለላ ሰርዶ ካየ ምሳውን አይበላም ነበር። ኮሚቴው ይህን ሲያይ መሬቱን አስወረረችው ብሎ እንደሚጽፍባት ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

የማርያም ማኅበራችንን ሴቶች ጠራሁ። አሥራ አንድ ሆነን እንደ ድሮው ለወንፈል ጎንበስ አልን።

«ስንቅነሽ» አለች የሺወርቅ፣ ወገቧን ይዛ፣ «ልጅሽን ዩኒቨርሲቲ ገብስ ማረም አላስተማራትም እንዴ? ይኸ እኮ ገብስ የገባበት ሰርዶ ነው!»

«ዝም ብለሽ ንቀይ። ማክሰኞ ይህን ካዩ ይበሏታል።»

«አንቺ ደግሞ! ጅብ አደረግሻቸው።»

ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሬንጁ ይፈላበት የነበረው ቦታ ላይ ስደርስ ሰርዶው በእጅ እንቢ አለኝ፤ በዶማ አወጣሁት። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከወንዙ ዳር እስከ መንገዱ አንድም ሰርዶ አልቀረም። ገብሱ ብቻውን ቆመ። ያማረ ማሳ ነበር፤ አባቴ ቢያየው ይመርቀኝ ነበር።

ትሕትና ዓርብ ከሰዓት መጣች። ከመኪና ወርዳ በቀጥታ ወደዚያው ነው የሄደችው፤ እኔም ደስ ሲላት ለማየት ተከተልሁ። በሩ ላይ ስትደርስ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ሣሩስ?»

«የቱ ሣር?»

«በግንቦት የተከልነው ነዋ! በእጃችን አንድ በአንድ!»

«ሰርዶው?» አልሁ። «አረም መስሎኝ…»

«ገብሱ ዝናቡ አፈሩን እንዳያጥበው ነው የተዘራው። መስከረም ላይ ይታጨዳል። ሰው የሚቀመጥበት ሣሩ ነበር፣ እማዬ። ነግሬሽ ነበር እኮ።»

ሳትነግረኝ አልቀረችም። ስለ መሬቱ ስታወራልኝ እኔ የምሰማው የሚበላሸውን ብቻ ነበር። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሄዳ ካቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ ክፉ ይመጣል ብዬ በር በሩን ሳይ ኖሬ፣ በገዛ እጄ፣ ያውም ሰው ጠርቼ አመጣሁት።

አያ ገዱ ከተዝካር ሲመለሱ ሁለታችን እንደዚያ ተቀምጠን አገኙን።

«ምነው? ማን ሞተ?» አሉ።

ነገርኋቸው። ገብሱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ ካቡ ሥር የተከመረውን ሰርዶ አይተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አያ ገዱ፣ አንቱም ይስቁብኛል?»

«ምን ላድርግ፣ ልጄ! እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሰርዶ ስነቅል ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፍሁትም። ሳምንት ፀሐይ ላይ ጥዬው ዝናብ ሲነካው ይነሣል። ትናንት ተነቀለ ብላችሁ ነው እንዲህ የምትሆኑ? ነገ እነዚያኑ ሴቶች ጥሪያቸው።»

ሴቶቹ ቅዳሜ ከነእርግማናቸው መጡ። የሺወርቅ ለላሟ ወስዳው የነበረውን ሸክም መልሳ አምጥታ «ላሜን ከአፏ ነጠቅኋት፤ ብትወጋኝ በአንቺ ነው» አለችኝ። ቅዳሜን ውለን፣ ሰኞንም ደገምን። ሥሩ በጣም የተጎዳውን ካቡ ሥር ትተን የቀረውን በገብሱ መሀል መልሰን ተከልን።

ማክሰኞ ዝናብ እያካፋ ኮሚቴው መጣ። ሰርዶው ገና አልተነሣም፤ ጠውልጎ መሬት ላይ ተኝቷል። እኛ ሴቶቹ በር ላይ ቆምን። አቶ ሀብተ ሚካኤል ጃንጥላቸውን ይዘው ጥቂት ከተራመዱ በኋላ በጫማቸው ሣሩን ነካ አደረጉት።

«ይኸ አሁን የተተከለ ነው።»

«አዎ፤ ቅዳሜና ሰኞ ነው የተተከለው» አለች ትሕትና። መዋሸት አታውቅም፤ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ቆጨኝ።

«እንግዲያ ላዩን አለበሳችሁት ማለት ነው። ገብስ እንደሆነ አንድ ጋት አፈር ካገኘ ይበቅላል። ታቹ ያው ዘይት ነው፤ በጋ ሲመጣ ሁሉም ይደርቃል።» ከጎናቸው ያለው ሰው ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረ።

ይኸው፣ አልሁ በሆዴ። ይኸው መጣ። እግሬ ግን በር ላይ አልቆመልኝም። ካቡ ሥር ሄጄ ከክምሩ ውስጥ ያንን በዶማ ያወጣሁትን ሰርዶ ፈልጌ አነሣሁ። ሥሩ ጫፉ ተቆርጦ እንኳ ከክንዴ ይረዝማል፤ ነጭ ነው፣ እንደ ፈትል።

«ጌታዬ፣ ይህን ይዩልኝ።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«እናቷ ነኝ። ሣሩ ከግንቦት ጀምሮ እዚህ ነበር፤ አረም መስሎኝ የነቀልሁት እኔ ነኝ። እሷ ጥፋት የለባትም። ይኸኛውን ያወጣሁት ሬንጁ ይፈላበት ከነበረው ቦታ ነው፤ በእጅ እንቢ ብሎኝ በዶማ።»

አቶ ሀብተ ሚካኤል ጃንጥላውን ለጓደኛቸው ሰጡ። ሥሩን አራግፈው የወደቀውን አፈር በመዳፋቸው ያዙና አሸተቱት። ለካ እሳቸውም የበየዳ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ከአሸታተታቸው ያስታውቃል። ከዚያ ቦታውን ያሳዩኝ ብለውኝ ዶማውን ከአያ ገዱ ተቀበሉ። በሱፍ ልብሳቸው እስከ ክርን የሚያስገባ ጉድጓድ ቆፈሩ። እስከ ታች ድረስ የተበጠሰ ነጭ ሥር አለበት። አንድ ወፍራም የምድር ትል ተገማሽሮ ወጣ።

«ባይነቅሉት ኖሮ ይህን በምን አየው ነበር?» አሉ አቶ ሀብተ ሚካኤል፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። ወደ ጸሐፊው ዞረው «የጻፍኸውን ሰርዘው። ለመኪናው ሌላ ቦታ እንፈልግለታለን» አሉት። እጃቸውን ገብሱ ላይ ባለው የዝናብ ውኃ ታጥበው ሲወጡ እኔ ዘንድ ቆም አሉ። «እርስዎ ግን እናቴ፣ ሌላ ጊዜ ሳይጠይቁ አያርሙ።»

የሺወርቅ ከኋላዬ እልል አለች።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ እቀመጣለሁ። ተማሪው ደረጃው ላይ ያጠናል፤ ሽማግሌው ካቡ ላይ ተደግፎ ወንዙን ያያል፤ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ከዳባት ድረስ ይመጣሉ። ልጆች በዚያ ጫማ ይይዝ በነበረው ቦታ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይሮጣሉ። ወደ ወንዙ ሲጠጉ አሁንም እጮኻለሁ፤ ትሕትና «እማዬ፣ ውኃው እኮ ቁርጭምጭሚት አይሞላም» ትለኛለች። ክረምት ሲመጣ ይሞላ የለ?

ሰርዶው መንገዱን ተሻግሮ በድንጋዮቹ መሀል ብቅ ብቅ ብሏል። ባየሁት ቁጥር ለመንቀል እጄን ይበላኛል። እጄን ነጠላዬ ውስጥ አስገብቼ እቀመጣለሁ።