ሳላውቀው የቆለፍኩት በር

ቁልፉን አዙሬዋለሁ። ያኔ ማንም አላየኝም፤ እኔም አላወቅሁም። ልጄ ያየችው ቀረጻው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ምስሎቹን ኮምፒውተሯ ላይ አንድ በአንድ ስታጋጥም ነው።

«እማ፣ ነይ እስቲ» አለችኝ። ድምጿ ቀጠነብኝ። እኔ ደግሞ ድምፅ ሲቀጥን ሰው የሞተ ይመስለኛል። እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ሮጥኩ።

ስክሪኑ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ከውጭ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጀርባዬን ለካሜራው እንደሰጠሁ ክንዴ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ቀጭ። ከዚያ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከውጭ ስጠራ ብድግ ብዬ በሩን ስስበው ብርግድ ብሎ ተከፈተ።

«ቆልፈሽ ገባሽ፣ ሳትከፍቺ ወጣሽ» አለች። «መንፈስ ሆንሽልኝ!»

ልጄ ፊልም ትማራለች። አስተማሪዋ የሰጣቸው መልመጃ ሲሰሙት የሕፃን ጨዋታ ነው፦ አንድ ሰው ወደ ቤት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ተጠርቶ ይወጣል። ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ ካሜራው ሌላ ቦታ ቆሞ ይቀረጻል። ሲጋጠም ታዲያ ሳይቋረጥ የተሠራ መምሰል አለበት። ተከታታይነት ይሉታል። ባለፈው ጊዜ ወድቃበታለች፤ ተዋናይዋ በጫማ ገብታ በነጠላ ጫማ ተቀምጣ ተገኘች። አሁን ከደገመችው ከትምህርቱ ትሰናበታለች። ነገ ጠዋት ደግሞ ፊልሙንም ካሜራውንም ማስረከብ አለባት።

ልትተውንላት የነበረችው ጓደኛዋ ሳትመጣ ስትቀርባት «አንቺ መግባትና መቀመጥ አያቅትሽም» ብላ እኔን አስገባችኝ። እሺ አልኩ። ካሜራ ተሸክማ በየሰው መንደር ከምትዞር ዓይኔ ሥር ትሁን ብዬ ነው። ወጥመድ መሆኑ መቼ ገባኝ! ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ቤቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። መጋረጃው አይነካም። ግማሽ ውኃ የያዘው ብርጭቆ ከጠረጴዛው አይነሳም። ወንበሩ እንዳይንቀሳቀስ እግሮቹ ያረፉበት ወለል ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ቡናማ ቀሚሴ አይታጠብም፣ ሹሩባዬ አይፈታም። በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ በጎን በጎን ስሄድ ከረምኩ። ብርጭቆው ውስጥ ዝንብ ስትገባ እንኳ ላውጣት ወይ ብዬ አስፈቅጃለሁ።

«ትናንት ስንቀርጽ ነበረች?» አለችኝ ልጄ።

«ትናንትማ በሕይወት ነበረች።»

አሁን ልጄ መስኮቱን አየችና «ፀሐይዋ ሳትሸሽ መግቢያውን እንድገመው» ብላ ባለካሜራውን ጠራችው። አብሯት የሚማር ልጅ ነው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሰንበሌጥ እለዋለሁ፤ እሱም አይከፋውም።

ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ዘጋሁ።

«እማ!»

«ምን አደረግሁ?»

«ቆለፍሽው!»

«አልቆለፍኩም።»

ሰንበሌጥ ከካሜራው ጀርባ ሳቁን ዋጠ። «እናቴ፣ ቆልፈዋል። ላሳይዎት?»

ደገምን፤ ቆለፍኩ። ቀጥሎ ቀኝ እጄን በግራዬ አንቄ ያዝኩት። ልጄ «ካቴና የገባልሽ መሰልሽ፣ ልቀቂው» አለች። ለቀቅሁት፤ ቆለፈ። አንዴ እንደ ምንም ሳልቆልፍ አለፍኩ። ወንበሩ ጋ ሳልደርስ ግን አንገቴ ዞረ።

«በሩን አትዪው! ፊልሙ ውስጥ በሩ አያሳስብሽም።»

«በሩ የማያሳስባት ምን ዓይነት ሴትዮ ናት?» አልኳት።

ሰንበሌጥ «ቁልፉን ለምን አንነቅለውም?» አለ።

«በሌላው ምስል ሁሉ በሩ ላይ ተሰክቶ ይታያል» አለች ልጄ። እየተነጋገሩ ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ላይ ወርዳ ግድግዳው ላይ ቀጭን ገመድ ሆነች፤ ከዚያም ጠፋች። ልጄ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«በቃ፣ ወደቅሁ» አለች። አላለቀሰችም፤ ለራሷ ነው የነገረችው።

ለዚህች ልጅ ያልፈራሁላት ነገር የለም። መኪና፣ እሳት፣ ሌባ፣ ትኩሳት፣ የደረጃው አራተኛ እርከን ሳይቀር። የምትወድቀው በእኔ እጅ ይሆናል ብዬ ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

«እጄ እምቢ ካለ» አልኩ «ሴትዮዋም እንደ እኔ ትሁና። ቆልፋ ትግባ። ስትወጣ ከፍታ ትውጣ።»

ልጄ ቀና አለች። «ብርሃኑ ሄዷል እኮ፣ እማ። ከሌላው ጋር አይገጥምም።»

ሰንበሌጥ ወደ በሩ ሄዶ ጎንበስ አለ። «እጃቸውንና ቁልፉን ብቻ ከቅርብ ብንይዝስ? መስኮቱ አይታይም። በመብራት እናስተካክለዋለን። በሚነሱበትና በሩን በሚስቡበት መሐል እንሰካዋለን።»

ልጄ ብድግ ስትል ጉልበቷን ጠረጴዛው መታት፤ ብርጭቆው ግን አልፈሰሰም። መብራቱን አዞረች፣ እጅጌዬን አስተካከለች። ከዚያ «ውጭ ሆኜ እጠራሻለሁ» ብላ ወጣች። ቆለፍኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆልፊ ተብዬ ቆለፍኩ። ካሜራው እጄ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም።

«እማ!»

ቁልፉን ያዝኩት። የእኛ ቁልፍ እልኸኛ ነው፤ ትንሽ ወደ ራስ ስበው ካላዞሩት አይከፍትም። ይህን ዓመታት አውቀዋለሁ። እጄ ግን መቆለፉን እንጂ መክፈቱን አላስታወሰም። አዞርኩ፤ እምቢ አለ።

«እማ!»

ሁለተኛው ጩኸት በፊልሙ ውስጥ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምትጠራኝ። ላብ አጠመቀኝ። ወድቃ ነው፣ ሰው ይዟት ነው፣ ደረጃው ነው። «ቆይ! መጣሁ! ቆይ!» ቁልፉ ከጣቶቼ ያዳልጣል፤ ውፍረቷ አንድ እጅ የማይሞላ በር በእኔና በልጄ መሐል ግንብ ሆነች። ይሄ ሰንበሌጥ ደግሞ እንደ መርዶ ነጋሪ ዝም ብሎ ይቀርጻል! በሁለት እጄ ይዤ ወደ ደረቴ ሳብኩት። ዞረ።

ልጄ ደፍ ላይ ቆማለች። ምንም አልሆነችም።

«ለምን ደግመሽ ጮህሽ?»

«ስትዘገዪ ፈራኋ» አለች።

ሁለቱ ልጆች ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተው ቆረጡ፣ ቀጠሉ፣ ተጨቃጨቁ። ኋላ ጠሩኝና ቆሜ አየሁ። ሴትዮዋ ገባች፣ ቆለፈች፣ ተቀመጠች። ተጠራች፤ ተነሳች። እጇ ከቁልፉ ጋር ታገለ፣ ታገለ፤ በሩ ተከፈተ። የሚያሳድዳት የለም። ከውጭ የቆለፈባትም የለም።

«ገጠመ?» አልኩ።

«ገጠመ» አለች ልጄ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «የተሰፋበት ክር እንኳ አይታይም።»

«እርግጠኛ ነሽ? ሹሩባዬስ? እጅጌዬስ?»

«እናቴ፣ እጅዎ ብቻውን ሽልማት ይገባዋል» አለ ሰንበሌጥ ካሜራውን ለነገ ለልጄ እየሸከፈላት። መንገድ ላይ ስልኩን እንዳያወጣ፣ ቦርሳውን በፊት እንዲይዝ ነግሬ ሸኘሁት።

«ብርጭቆውስ?» አልኩ።

«ድፊው፣ እማ። አለቀ።»

ከነዝንቧ ደፋሁት። ወንበሩን ግን ማንቀሳቀስ አልሆነልኝም፤ ፕላስተሩ ላይ እንደቆመ ተውኩት።

ወደ በሩ ስዞር ልጄ ቀድማኝ ቆማለች። እጄ ተዘርግቶ አየር ላይ ቀረ።

«ነገ ላስረክብ እሄዳለሁ፣ ሲመሽ እመጣለሁ» አለች። «እስከዚያ ቁልፉን ዘይት ቀቢው። ስጠራሽ ቶሎ እንድትከፍቺልኝ።»

ቁልፉን ትንሽ ወደ ራሷ ሳበችና አዞረችው። ቀጭ።