ላሜራ ወይስ ሸራ

ሁለት ሰዎች በብርድ ልብስ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ግራና ቀኝ ይዘው በግቢው በር ሲገቡ፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ቀብሩ ትናንት አልቋል፤ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? አንዲት ጎረቤት አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ከወንዶቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይቅርታ» አለ ከፊት የያዘው ሰውዬ ትንፋሽ እያጠረው። «ሾፌሯን ፈልገን ነበር። ጣሪያዋ ደርሷል።»

ሰውዬው የተደረደሩትን ወንበሮች፣ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች፣ የሻይ ትሪውን አየና ሸክሙን ቀስ ብሎ መሬት አስነካ። ላሜራ ሠሪ ነው፤ አብሮት የያዘው ታናሽ ወንድሙ ነው። ጋራዣቸው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ወሬው አልደረሳቸውም።

«እኔ እኮ በቅርቡ ነው ያናገርኳት» አለና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

የሟች ልጅ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረገች። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ የኋላ መስታወት የገባለት ሙሉ የብረት ጣሪያ ነው። ለስንት ዓመት እናቷን የጨቀጨቀችበት ጣሪያ፤ እናቷም ለስንት ዓመት እምቢ ያለችው።

አክስቷ ጠጋ ብላ በጆሮዋ «አየሽ፣ በመጨረሻ ሰማችሽ» አለቻት።

ልጅቷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። እናቷ በክርክር ተሸንፋ አታውቅም፤ አሁን ተሸንፋ መሞቷ ከሞቷ በላይ ሆዷን አባባው።

እናትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ የነዳችው የከተማ አውቶቡስ ነበር። ሞተሩ ከሾፌሩ ጎን፣ በብረት ክዳን ሥር የሚነድበት ዓይነት አውቶቡስ፤ አንድ ጎኗ ክረምት ከበጋ ሲጠበስ ይውላል። ጡረታ ስትወጣ ዘመድ አዝማዱ «አሁንስ አርፋ ትቀመጣለች» ብሎ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ጣሪያዋ የሚታጠፍ አሮጌ መኪና እየነዳች ግቢ ገባች። የመኪናዋ ቀለም ለቋል፤ የሸራ ጣሪያዋ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት «ጭንቅላቴን አየር ላስመታው ነው» አለች።

ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። በሥራዋም በቤቷም ሁለቴ ሳታይ አንድ ነገር አትነካም። እናቷ «ፍሬኔ» ነበር የምትላት። ስድብ አልነበረም፤ «ያለ ፍሬን ቤቴ ገብቼ አላውቅም» ትል ነበር። በጣሪያው ጉዳይ ግን አልተስማሙም።

«ሸራ በምላጭ ይቀደዳል፣ እማዬ። ሌባ ቢመጣስ?»

«ቀዶ ገብቶ ምን ሊያገኝ ነው? ያንቺን ምክር?»

«ብርዱስ? ወገብሽስ? ላሜራ ብታስገጥሚ ምን አለበት?»

እናትየዋ በዚያን ዕለት እንደ ልማዷ አልቀለደችም። የመኪናዋን በር ደገፍ ብላ በትዕግሥት አስረዳቻት። «ላሜራ ጥሩ ነው። ይሞቃል፣ ድምፅ አያስገባም፣ ሌባ አይደፍረውም። ሁሉንም አምኛለሁ። ግን ለማውረድ ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል፤ ካወረድሽው ደግሞ ቤት ጥለሽው ነው የምትሄጂው። እንግዲህ ጠዋት ቤትሽ ቆመሽ የከሰዓቱን ሰማይ መወሰን አለብሽ። ሸራ ግን አብሮሽ ይሄዳል። እኔ የከሰዓቱን ሰማይ ከሰዓት ነው መወሰን የምፈልገው።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ቀልድ መስሏት ነበር።

ጣሪያው በመጣ በማግስቱ ለቅሶ ቤቱ ይበልጥ ሞላ። ከእናትየዋ ጋር ለረጅም ዓመታት የሠሩት ቲኬት ቆራጭ መጥተው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ለጎናቸው ሰው በሹክሹክታ ሲያወሩ ቤቱ ጸጥ ብሎ ያዳምጣቸው ጀመር።

«የመጀመሪያ ቀኗን አልረሳውም። ሆን ብለው ያረጀውን አውቶቡስ ሰጧት፤ ተማርራ እንድትተወው። መሪው ላይ ስትቀመጥ ሕዝቡ አያት፤ ግማሹ ተነሥቶ ወረደ። ሴት ነድታኝ አልሄድም ብሎ። እኔ ደግሞ ቲኬቱን ቆርጫለሁ፤ የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ዞር ብላ ‹ሌላ ወራጅ አለ?› አለች። የተነሣ የለም። ‹እንግዲያው ሰፋ ብላችሁ ተቀመጡ› ብላ ማርሽ አስገባች።»

«የወረዱትስ?» አለች አንዷ።

«የወረዱትማ ተከታዩን አውቶቡስ ይዘው ተነሡ፤ ዳገቱ ሥር ተበላሸባቸው። እኛ ደርሰን፣ አራግፈን፣ ተመልሰን ሌላ ሰው ጭነን ስንወጣ መንገድ ዳር ተኮልኩለው አገኘናቸው። እኔ ብሆን አቧራዬን አልብሻቸው ነበር የማልፈው። እሷ ቆመች። በሩን ከፍታ ‹ትገባላችሁ፣ ወይስ ወንድ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ?› አለቻቸው። አንድም የቀረ የለም። በማግስቱ ‹የሴትዮዋ አውቶቡስ የቱ ነው?› እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።»

ከጥግ በኩል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። አክስትየዋ ገላመጠችው፤ ወዲያው ግን ራሷም ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። እናቷ ስለ ራሷ የምታወራው የተሳሳተችውን ብቻ ነበር።

ላሜራ ሠሪውና ወንድሙ ጣሪያውን ሊገጥሙ ተመለሱ። ከመጀመራቸው በፊት ሰውዬው ልጅቷን ወደ መኪናዋ ጠራትና ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን ተጣጣፊ የብረት አጥንት አሳያት፤ ሸራው የሚወጠረው በዚህ ላይ ነው።

«ላሜራውን ለዘለቄታው ከገጠምኩ ይሄን ነቅዬ ነው የምጥለው፤ መቆለፊያው የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው። ሸራ ከመረጥሽ ደግሞ አጥንቱን አድሼ አዲስ ሸራ አለብሰዋለሁ። ላሜራውን የሚወስድ አይጠፋም። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አይሆንም፣ እህቴ።»

«ምን ምርጫ አለው» አለች አክስትየዋ። «እሷው ያዘዘችው ነው። ግጠሙት፤ ተዘግታ ለመታሰቢያ ትቁም።»

ወንድማማቾቹ ጣሪያውን አንሥተው ለልክ አስቀመጡት። ልጅቷ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ልክ እናቷ እንዳለችው ነበር። ይሞቃል። ነፋስ የለም። ከሳሎኑ የሚመጣው የለቅሶ ድምፅ ጥፍት አለ። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ጎማ ይሸታል። በሰማዩ ቦታ ግራጫ ብረት ብቻ አለ፤ ራሷ ሊነካው ትንሽ ቀርቶታል። አንድ ጎን ሲጠበስ የሚውልበት ያ የሾፌር ቦታ ትዝ አላት፤ እናቷ እዚያ ውስጥ ስንት ዓመት ተቀመጠች።

ሌላም ነገር ትዝ አላት። ወጣት ሳለች፣ መንጃ ፈቃድ እንዳወጣች ሰሞን፣ እርጥብ መንገድ ላይ እናቷ ያኔ የነበራትን ሌላ መኪና አንሸራትታ ቦይ ውስጥ ከትታው ነበር። ማንም አልተጎዳም። እናቷ በተጣመመው በር በኩል እየተሳበች ወጥታ፣ ጭቃዋን አራግፋ «በቃ፣ ቦዩ የት እንዳለ አወቅሽ። ነይ፣ መልሰሽ ንጂ» አለቻት። ልጅቷ አልነዳችም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም። ጥንቁቅ ስለሆነች ግን መንጃ ፈቃዷ ጊዜው አልፎ አያውቅም፤ ስታሳድስ ነው የኖረችው። እናቷ ባየችው ቁጥር «እንዲህ ያለ ያማረ ፍሬን፣ መኪና ጠፋለት» ትል ነበር።

በሩን ከፍታ ወጣች።

«አውርዱልኝ» አለች። «ሸራውን ነው የምፈልገው።»

አክስትየዋ ክው አለች። «የሟች ቃል ነው እኮ። ሰውስ ምን ይላል?»

ላሜራ ሠሪው ግን አልተከፋም። መፍቻውን ኪሱ ከተተና በዚያ ቤት ሰው ሊያደርገው የማይደፍረውን አደረገ፤ ከልቡ ሳቀ።

«ይቅር በሉኝ» አለ። «ሾፌሯ አንቺ ሳትመርጪ እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ላሜራውን ያዘዘችው ለራሷ አይደለም፤ ላንቺ ነው። መታመሟን ስታውቅ መጣች። ‹መኪናዋን ለልጄ ልሰጣት ነው፤ እሷ መከደን ትወዳለች። በወንፊት ሸራ ሰጥቻት ብሄድ ትቀየመኛለች› አለች። እኔም ‹ካልፈለገችውስ?› አልኳት።»

«ምን አለችህ?»

«‹ካልፈለገችውማ ደስታዬን አልችለውም› አለች።»

ልጅቷ መኪናዋን ተደገፈች። ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ሳቅም አብሮት መጣ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሷም አላወቀችም። አክስትየዋ ጥቂት ቆማ ካየቻት በኋላ ሻርፗን ፈትታ ፊቷን ጠረገችላትና ወደ ሰውዬው ዞረች።

«ሸራው ምን ዓይነት ቀለም አለው?» አለች በቁጣ።

ወሬው ጎረቤት አዳረሰ። በለቅሶ መሃል መኪና ታሳድሳለች ተባለ። ሐዘን አዙሯት ነው ያሉም ነበሩ። ላሜራ ሠሪው አጥንቱን አቅንቶ፣ ማጠፊያዎቹን ቅባት አጠጥቶ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ሸራ ወጠረበት። ልጅቷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ ለቅሶ ደራሽ ሳይበዛ፣ ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ባዶ መንገድ መንዳት ትለማመድ ጀመር። አስተማሪዋ ቲኬት ቆራጩ ናቸው። ራሳቸው ነድተው አያውቁም፤ ግን ሾፌር ሲነዳ በማየት ማን ይደርስባቸዋል።

«ፍሪሲዮኑን፣ የግራ እግርሽን፣ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ቀስ። መኪናዋ እንቁላል ጭናለች ብለሽ አስቢ።»

ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ሽማግሌው በሩን ይዘው፣ በዚያ በድሮ የሥራ ድምፃቸው «ወራጅ አለ» አሉ። ልጅቷ እየሳቀች ፍሬን ያዘች። ደግማ አስነሣች።

ለቅሶው የሚያበቃበት ቀን ደረሰ። የእናቷ የሥራ ባልደረቦች መናኸሪያው ውስጥ ተሰብስበው ሊሰናበቷት አስበው ነበር፤ ቤተሰቡን የሚወስድ አውቶቡስ እንላክ አሉ። ልጅቷ «አትድከሙ፣ እኛው እንመጣለን» ብላ መለሰች። ሸራውን አጠፈችው። አክስትየዋ ጋቢና ገብታ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ቲኬት ቆራጩ ከኋላ ተቀመጡ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ክላክስ አቀለጠው። አክስትየዋ ትጮሃለች ብላ ጠበቀች፤ አክስትየዋ ግን ተነሥታ ወደ ኋላ ዞረችና ክላክስ የሚያደርገውን ሾፌር በጣቷ «ቆይ» አለችው። ልጅቷ ፍሬኑን ይዛ አስነሣች፤ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ለቀቀች። መኪናዋ ወጣች።

የዳገቱ አናት ላይ ደመናው ሳይታሰብ ዝናቡን ለቀቀው። ልጅቷ ዳር ይዛ ቆመች። ከመቀመጫዋ ሳትነሣ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ የሸራውን እጀታ ሳበች። አጥንቱ ተዘረጋ፣ ሸራው በራሳቸው ላይ አልፎ መጣ፣ መቆለፊያው ቀጭ አለ። ዝናቡ ሸራው ላይ ይደልቃል፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ጥግ ተጠልለው ያዩ መንገደኞች አጨበጨቡ። ዝናቡ ሲያባራ መልሳ አጠፈችው። ሰማዩ ታጥቦ ቁልጭ ብሏል።

«ጠዋት እኮ ይሄን ማን ያውቅ ነበር» አለች አክስትየዋ ቀና ብላ።

መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሶቹ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ባለ ቀይ ሸራዋ መኪና በበሩ ስትገባ አንዱ ክላክስ ነፋ፤ ከዚያ ሁሉም። መሬቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ልጅቷ በመሃላቸው፣ ፀጉሯ በነፋስ ተበትኖ፣ ቀጥ ብላ ነድታ ገባች። ቲኬት ቆራጩ ከኋላ ቆመው «የሴትዮዋ ናት» እያሉ ለሁሉም ያሳዩ ነበር።

ሞተሩን አጠፋች። ሾፌሮቹ ከየአውቶቡሳቸው እየወረዱ ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ። ያን ጊዜ ጉልበቷ ሲያማት ታወቃት። እናቷ አጭር ነበረች፤ ወንበሩ እሷ ወደ መሪው እንዳስጠጋችው ነው ያለው። ሽማግሌው በልምምዱ ጊዜ አስተካክይው ቢሏት «ይሁን፣ ይመቸኛል» እያለች ጉልበቷን ከመሪው ጋር ስታጋጭ ሰንብታለች።

እጇን ከወንበሩ ሥር ሰደደች። ማንሻውን አገኘችው፤ ጥቂት ይዛው ቆየች። ከዚያ በእግሯ ገፋ አድርጋ ወንበሩን ወደ ኋላ ወሰደችው።