የለበሰውን አላየሁም

«ያ ሰውዬ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አሉ የአጎቷ ሚስት በዝግታ።

የልብስ ሰፊው አንድያ ልጅ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሳሎኑ መካከል ቆመች። ግድግዳውን ተከትለው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የነበሩት ለቀስተኞች ሹክሹክታቸውን አቋርጠው ወደ በሩ ዞሩ። ከግቢው መግቢያ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ግባ ያለው የለም፤ ሂድ ያለውም የለም። ማን እንደ ሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። የእኚህን ሴት ባል ገድለሃል ተብሎ የጎልማሳነት ዘመኑን እስር ቤት ፈጅቷል፤ በኋላም እውነተኛው ገዳይ ተይዞ ሲያምን በስህተት ነው ተብሎ ተፈትቷል። በዓይኔ አየሁት ብለው ያስፈረዱበትም እሳቸው ነበሩ።

ያን ጊዜ ከቤተሰቡ መካከል አላየሁም ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የልጅቱ አባት ነው፤ የተቀበረው ትናንት ነው።

ዝምታውን ለመስበር የሞከሩት ጎረቤቱ፣ ጡረተኛው ትኬት ቆራጭ ናቸው። «ለሠርጌ ያዘዝኩት ሱሪ የበኩር ልጄ ዳዴ ሲል ነው የደረሰልኝ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ምነው ዘገየህ ብዬ ብጠይቀው፣ የግራ እግርህን ርዝመት እርግጠኛ አልሆንኩም አለኝ።»

«ታዲያ ልክ ሆነ?» አላቸው ከጎናቸው የተቀመጠ ዘመድ።

«ለእግሬማ ልክ ሆነ። ወገቤ ነው እሱን ሳይጠብቅ የወፈረው።»

ጥቂት ሰዎች አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ልጅቱም ፈገግ አለች፤ በዚያች ቀልድ ውስጥ አባቷ ሙሉውን ቆሞ ታያት። እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ከእጁም ከአፉም አያወጣም ነበር።

አጎቷ በሱቁ ውስጥ በተገደለበት አመሻሽ ገዳዩን ያዩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሚስቱ ከጓዳ ሮጠው ሲወጡ ፊቱን አዩ፤ ወይም ያዩ መሰላቸው። ከመንገዱ ማዶ የስፌት ቤቱን በር ሲቆልፍ የነበረው አባቷ ደግሞ የሚሮጥ ሰው ጀርባ አየ። በጀርባው ላይ የነበረውን ግራጫ ኮት ወዲያው ለየው፤ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ቆርጦ ለመጋዘኑ ሠራተኞች በሙሉ የሰፋው፣ ትከሻው ላይ ድርብ ስፌት ያለበት የእጁ ሥራ ነበር።

በማግስቱ ፖሊሶች ያንኑ ዓይነት ኮት የለበሰ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ በሁለት ጠባቂዎች መካከል አቁመው፣ «እሱ ነው?» ሲሉ ባላቸውን ያጡትን ሴት ጠየቁ። «ይመስለኛል» አሉ እሳቸው። ለመርማሪው ሲናገሩ «እሱ ነው» ሆነ። ፍርድ ቤት ሲደርስ «እስክሞት የማልረሳው ፊት» ሆነ። አንድም ጊዜ አልዋሹም። በተናገሩት ቁጥር ፊቱ እየጠራ፣ እየቀረበ፣ የራሱ ያልሆነውን ቦታ እየያዘ ሄደ።

ልጅቱ ያን ጊዜ ኮረዳ ነበረች። ከችሎቱ የኋላ ወንበር ተቀምጣ የሰማችውን ቃል በቃል ታስታውሳለች።

«ኮቱን ያውቁታል?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«አውቀዋለሁ፤ የእጄ ሥራ ነው።»

«እንግዲያው ሲሮጥ ያዩት ተከሳሹን ነው።»

«ኮቱን አውቀዋለሁ፤ የለበሰውን አላየሁም።»

«የሟች ወንድም መሆንዎን አይዘንጉ።»

«አልዘነጋሁም» አለ አባቷ። «ወንድሜን ቀብሬዋለሁ። ሌላ ሰው በግምት አልቀብርበትም።»

ችሎቱ ግን ከጥርጣሬ ይልቅ እርግጠኝነትን፣ ከጀርባ ይልቅ ፊትን አመነ፤ ፈረደ። ዘመዱ ሁሉ «ወንድሙን ሸጠ» አለ። የአጎቷ ሚስት በመንገድ ሲያገኙት ማዶ ይሻገሩ ጀመር። ልጅቱ አንድ ቀን ተናድዳ፣ «እትዬ እኮ ዋሽተው ነው» ስትለው መነጽሩን አውልቆ አያት።

«አልዋሸችም፤ ተሳሳተች። ዋሽታ ቢሆንማ ዳኛው ይነቃባት ነበር።»

እውነተኛው ገዳይ ሲታወቅ ዘመዶቹ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ተረቱ፤ ወደ ስፌት ቤቱ መጥቶ «አንተ ነበርክ ልክ» ያለው ግን አልነበረም። እሱም አልጠበቀም። የጠበቀችው ልጁ ናት። ለቀስተኛው ሳይበተን፣ «ወንድሙን ሸጠ» ባሉት ሰዎች ፊት፣ ያችን ቃል ከእትዬ አፍ መስማት ፈልጋለች። ከእሳቸው በቀር ስሙን ሊያነጻ የሚችል የለም። ሰውየው ከገባ ደግሞ ይወጣሉ፤ ያችም ቃል አብራቸው ትወጣለች።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባባ ቢኖር ኖሮ እጁን ይዞ ያስገባው ነበር። ቤቱ ዛሬም የሱ ነው።»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ሰውየው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። «ለቅሶውን ላልረብሽ ልጄ፤ ከዚሁ ሆኜ…»

«ይግቡ ጋሼ። የአባቴ እንግዳ ደጅ አይቆምም።»

ይዛው ገባች። የአጎቷ ሚስት ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ወደ በሩ ግን አልተራመዱም። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ቀጥሎ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

«እስር ቤት መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱ ነው። የሟች ወንድም መጣልህ ሲሉኝ ሊሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ሜትር ከኪሱ አወጣ። ‹ስትፈታ የምትለብሰውን ልሰፋልህ ነው፤ ትከሻህን ቀና አድርግ› አለኝ። እየከሳሁ ስሄድ እየመጣ እንደገና ይለካኝ ነበር።» ወደ ትኬት ቆራጩ ዞር አለ። «ቀልድዎን ከደጅ ሰማሁት፤ ዘገየ ብለው አይውቀሱት ጋሼ። የእኔ ሱፍ ከመፈታቴ በፊት ደርሷል።»

ትኬት ቆራጩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚህኛው አልቀለዱም።

«ጠልቼህ እንዳይመስልህ» አሉ የአጎቷ ሚስት በድንገት። «ያኛውን ሲይዙት ፊቱን አሳዩኝ። እንዴት እንደ ገባ፣ በየት እንደ ወጣ ሁሉንም ተናገረ። እኔ ግን አላወቅሁትም። ዛሬም ያን ምሽት ሳስብ ከሱቁ ሮጦ የሚወጣው አንተ ነህ። አለመሆንህን አውቃለሁ፤ ዓይኔ እምቢ አለኝ። ታዲያ በምን ፊቴ ልይህ?»

እሳቸው ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ።

«እናንተም ስሙ። ትናንት የቀበርነው ሰው ወንድሙን አልሸጠም። እኔ የማላውቀውን አውቃለሁ ስል፣ እሱ የማያውቀውን አላውቅም አለ። ከሁለታችን የባሌን ደም ያከበረ እሱ ነው። ይህን በሕይወት እያለ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ አፈርኩ።»

ከዘመዶቹ መካከል ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ልጅቱ ግን ቀና አለች። አባቷ ትከሻዋን ለመለካት ከኋላዋ የቆመ ይመስል ጀርባዋ ተስተካከለ። ሌላ ሐዘንተኛ ቢሆን እዚህ ላይ ያለቅስ ነበር፤ እሷ ግን የዚያ አባት ልጅ መሆኗ ከእንባዋ ቀድሞ ደረቷን ሞላው።

ያለቀሰው ሰውየው ነው። ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ እንባው በሽበታም ጢሙ ላይ ይወርድ ጀመር። የአጎቷ ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትኩር ብለው አዩት። በትዝታቸው ከሱቁ የሚሮጠው ፊት አልቅሶ አያውቅም።

አጠገቡ ተቀመጡ። ከእጅጌያቸው ውስጥ የተጣጠፈ መሐረብ አውጥተው ሰጡት። ዓይኑን ጠርጎ ሲመልስላቸው አላገላበጡትም፤ በዚያው በረጠበው በኩል የራሳቸውን ዓይን ጠረጉበት።