የከዝበርት ቀይ ጨርቅ

በእንግሊዝ አገር በደርሃም የከሰል ማዕድን መንደሮች ሁሉ እንደኔ ቅናት የማያውቅ ሰው አልተወለደም። ጎረቤቴ ከዝበርት የውሻ ሩጫውን ዋንጫ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሲወስድ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ጭብጨባዬ ባሕሩ ድረስ ተሰምቷል። ዋንጫውን መስኮቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቤቴ አዙሮ ሲያስቀምጠው ቁርስ አልወርድልህ አለኝ። እሱ የጨጓራ ጉዳይ ነው።

ፔግን ወደ ሩጫ ያስገባኋትም በዚያ የተነሳ አይደለም። ፔግ ምድጃ ሥር ተጠቅልላ የምትውል ቀጭን የቤት ውሻ ነበረች። ብስክሌቴን ገለበጥኩ፣ የኋላ ጎማውን አውልቄ ቸርኬው ላይ ሲባጎ ጠመጠምኩ፣ ጫፉ ላይ የጥንቸል ቆዳ አሰርኩ። ፔዳሉን በእጄ ሳሽከረክረው ቆዳው ሣሩ ላይ ይፈተለካል። በመጀመሪያው ቀን አይታው አዛጋች። በአራተኛው ቀን ግን ጥላዋ ሊደርስባት ስላልቻለ እቤት ሄዶ ጠበቃት። ሁለቴ አስሮጣትና፣ ገና ስትለማመጠኝ አቆማለሁ፤ እስክትሰለች የሚያስሮጥ ሞኝ ነው።

ውድድሩ ላይ ግን ብስክሌት የለም። መነሻው ላይ ወርዋሪ የተባለ ሰው ውሻውን አንስቶ ወደ መሮጫ መስመሩ ይወረውረዋል፤ ጌታው ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ጨርቅ እያውለበለበ ይጮኻል። ውሻው በራሱ መስመር ወደ ጌታው ካልገባ ድሉ አይቆጠርም። የከዝበርት ውሻ ፍሊንት አንዲት ቀይ ጨርቅ አለችው፤ አምስት ዓመት ውኃ ያልነካት። አገሩ ሁሉ ምስጢሩ እሷ ናት ይላል።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ጨርቋን ከከዝበርት የጓሮ መጋዘን ተዋስኳት። ፈቃድ እንዳልጠይቅ ሰውየው አልነበረም።

ለፍጻሜው ፔግና ፍሊንት ደረሱ። ቀይዋን ጨርቅ ከጉያዬ አውጥቼ አውለበለብኩ። የሰው ጩኸት ድምፄን ዋጠው። ውሾቹ ተወረወሩ። ፔግ ቀደመች! በአፍንጫ ቀደመች፤ የእኔ ፔግ አፍንጫ ደግሞ ረጅም ነው። ከዚያ ግን መሐል ላይ መስመር ተለዋወጡ። ፍሊንት እኔ ላይ ተወርውሮ ጨርቋን ነከሰና ተንጠለጠለ። ፔግስ? በአጠገቤ አልፋ ከዝበርት እጅ ላይ ካለው ቡትቶ ተንጠለጠለች።

ጎኔን የወጋኝ ነገር ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

"ኖሪስ፣" አለ ከዝበርት፣ "ያቺ ጨርቅ የማን ናት?"

"ነፋስ አምጥቷት ይሆናል፣ ወንድሜ።"

"ነፋሱ የመጋዘኔን ቁልፍም ከፈተው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ጣቴን ወደ እጁ ቀሰርኩ። "አንተስ? ውሻዬን በምን አስማት ጠራሃት?"

"እንጃ! ጨርቄን ሳጣት ሚስትህን አንድ ቡትቶ ለመንኳት።"

ባለቤቴ ዊኒ ከሰዉ መሐል ብቅ አለች። "ሳምንት ሙሉ የለበስከውን ያልታጠበ ሸሚዝህን ሰጠሁት። ጨርቁን ሰርቀኸው እንደሆነ በምን ልወቅ፣ አንተ ቀጣፊ?"

ለካ ፔግ የሮጠችው ለኔ ሽታ ነው! እዚያው ሜዳ ላይ ቁመቴ ሁለት ክንድ ጨመረ።

ሽማግሌው ዳኛ ጢሙን አሸት አድርጎ፣ "ሁለቱም ውሾች ጌታቸውን ስተዋል። ዋንጫው ዘንድሮ የሩጫው ክበብ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ የማንም መስኮት ላይ አይወጣም" አለ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ጥበበኛ ዳኛ አይቼ አላውቅም።

ከዝበርት ውሻውን ጠራው። ፍሊንት ጨርቁን እንደነከሰ ቀና ብሎም አላየው። "እኔ እኮ የሚወደው እኔን ይመስለኝ ነበር" አለ፣ ዝግ ብሎ። ልስቅበት አፌን ከፈትኩ፤ ግን በሳቅ ፈንታ ፔግን ጠራኋት። ሸሚዜ ላይ እንደተኛች፣ ሳትነሳ ጅራቷን አንዴ ብቻ ነቀነቀች።

ሸሚዙ አሁን ምድጃው ሥር ነው፤ ትተኛበታለች። አልቀናም። እሷ ጓሮ ስትወጣ ብቻ ላንዳፍታ ለብሼው እቀመጣለሁ።