የጥጃዋ ውሃ

ልጄ ጃለቱ ሞያሌ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። ትምህርት ቤታቸው የአየር ንብረት ክበብ የሚሉት አላቸው። አፉ የተቆረጠ፣ ጎኑ ላይ መለኪያ መስመር የተሰመረበት ጀሪካን አንዱን መንደራችን ቦሪ እኔ ግቢ፣ አንዱን ኦቦ የሚባል ሌላ መንደር አስቀምጠው፣ ዝናብ የት እንደጣለ ለከብት አርቢው ይናገራሉ።

«እማዬ፣ ውሃውን እንዳትነኪ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተን እንለካለን» አለችኝ። የጀሪካን ዘበኛ አደረግሽኝ ብዬ ሳቅኩባት።

እሁድ ጠዋት ደህና አድርጎ ጣለ። መሬቱ ወዲያው ጠጣው፤ ውሃ የተረፈው ጀሪካኑ ውስጥ ብቻ ነው። እናቷ የሞተችባት ጥጃዬ መቆም አቅቷት ተኝታለች። እኛ ዘንድ ከብት ተጠምቶ እያዩ ውሃ ማስቀመጥ ነውር ነው። አጠጣኋት። ማክሰኞም ዘነበ፣ አጠጣኋት።

ቅዳሜ መጡ፤ ጀሪካኑ ደረቅ ነው። ጃለቱ ጥሎ ነበር ወይ አለችኝ። ካፊያ ነው አልኳት። ደግማ ጠየቀች። በጓደኞቿ ፊት አጠፋሁ ማለት ሞት መሰለኝ። ካፊያ ነው አልኩ። ዜሮ ብላ ጻፈች።

ሄሉ መንደር የሚኖረው ከብት አርቢ ሽማግሌ ቦናያ የክበቡን ልጆች ያምናል። ሌላ ጊዜ ከብት ከመንዳቱ በፊት ሳር የሚያይለት ቃኚ ይልካል። ያን ሰሞን ግን የልጆቹ ደብተር ይበቃኛል ብሎ፣ ደብተሩ ቦሪን ዜሮ ስለሚል ወደ ኦቦ ነዳ። ኦቦ የጣለው ሳር የማያበቅል ትንሽ ነበር። አሥራ ሁለት ላሞች መንገድ ላይ ወደቁበት። ቦሪ ግን ሳሩ ብቅ ብሏል።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ልጆቹን ውሸታሞች አሏቸው። ጃለቱ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ያየነውን ነው የጻፍነው ትላለች። ተነሳሁ።

«ቦሪ ዘንቧል። ውሃውን ለጥጃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ቦናያ፣ «ጥጃዋ ተረፈች?» አለኝ።

«ተርፋለች፣ አባቴ።»

«ደግ። አንዷ እንኳ ትኑር።»

ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ጃለቱ አልጮኸችም። «ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ» ብላ ደብተሩን እግሬ ስር አስቀምጣ ሄደች። ክበቡም ያኔ ተበተነ።

ባለፈው ሳምንት ዘነበ። ውሃው ስድስተኛው መስመር ደርሷል። ቁጥር መጻፍ አልችልም፤ ደብተሩ ላይ ስድስት ጭረት አሰመርኩ። ጥጃዋ ለምዳ አንገቷን ወደ ጀሪካኑ ስትሰድ በዱላ መታኋት፤ ከተወለደች መትቻት አላውቅም። ቅዳሜ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። የመጣ የለም።